በፍሳሽ ውሃ ውስጥ ያለን የመድኃኒት ቅሪት እንዴት እንለካለን? ከናሙና ጠርሙሱ እስከ ውጤቱ

የምንውጠው ክኒን ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ሳይለወጥ እንዳለ በሽንት ይወጣል ማለት ይቻላል። ለጡንቻ ሕመም የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ደግሞ አብዛኛው ቆዳ ላይ ይቀርና ገላ ስንታጠብ አብሮ ይወርዳል። ጊዜው አልፎ ሽንት ቤት የሚደፋው፣ ከሆስፒታልና ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚለቀቀው ይጨመርበታል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች በዋናነት የተሠሩት ደረቅ ቆሻሻን፣ በቀላሉ የሚበሰብስ ነገርን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ለማስወገድ ነው። መድኃኒት በእቅዳቸው ውስጥ አልነበረም።

ትንሽ መጠን ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ካናዳ ውስጥ የተደረገውን ሙከራ ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ተመራማሪዎች ለጥናት በተከለለ አንድ ሐይቅ ውስጥ ኢቲኒልኢስትራዲዮል ጨመሩ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ውስጥ ያለው ሆርሞን ነው። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ባሕርይ ማሳየት ጀመሩ። ፋትሄድ ሚኖ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከሐይቁ ልትጠፋ ጥቂት ቀራት። በሌላው ጫፍ፣ ሕንድ ፓታንቸሩ ውስጥ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብሎ ከሚያጣራ ጣቢያ የወጣ ውሃ ተለክቶ ነበር። በ2007 በታተመው ጥናት መሠረት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ተገኝቶበታል። በእነዚህ ሁለት መጠኖች መካከል ያለው ልዩነት በሚሊዮኖች እጥፍ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት ልለካ ነው» ብሎ መነሳት ብቻ አይበቃም።

አንድ ናኖግራም በሊትር ማለት አንድ ግራም ነገር 400 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ማለት ነው። በዚህ መጠን ስንሠራ እጃችን፣ ጠርሙሳችን፣ የጠጣነው ቡና ሳይቀር ውጤት ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ማሽኑ ላይ ነው። እኔ ግን ውጤቱ የሚበላሸውም የሚድነውም ናሙናው ማሽን ጋ ከመድረሱ በፊት ነው ባይ ነኝ። መመሪያው ረዘም ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ወስኑ፣ ከዚያ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር

ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ወንዙ ውስጥ ምን እየገባ ነው? ማጣሪያ ጣቢያው ምን ያህሉን ያስቀራል? ምንጩ ማን ነው? ለመጀመሪያው ከጣቢያው የሚወጣውንና ወንዙን ከመቀላቀያው በላይና በታች መለካት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው መግቢያውንና መውጫውን። ለሦስተኛው ደግሞ መስመሩን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ነው። አንድ ናሙና ሦስቱንም አይመልስም።

ዝርዝሩ ከ8 እስከ 12 መድኃኒት ቢሆን ለጀማሪ በቂ ነው። እያንዳንዱ የሚነግረን ነገር ስላለው መሆን አለበት የሚመረጠው። ካርባማዜፒን ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በባክቴሪያ የሚሠራው የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ከተገኘ የሰው ፍሳሽ እዚያ ደርሷል ማለት ነው፣ የተጣራም ይሁን ያልተጣራ። ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌንና ካፌይን ግን ደህና በሚሠራ ጣቢያ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። እነዚህ ወንዝ ውስጥ በብዛት ከተገኙ፣ ያልተጣራ ፍሳሽ በሆነ በኩል እየገባ ነው። ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን መለካት ከሁሉም የሚበልጥ መረጃ ይሰጣል። ካርባማዜፒን ብቻ ካለ ፍሳሹ ተጣርቶ መጥቷል፤ ሁሉም ካሉ ሳይጣራ።

ከዚያ አንቲባዮቲኮችን ጨምሩ፦ ሰልፋሜቶክሳዞል፣ ትራይሜቶፕሪም፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን። ዳይክሎፌናክም አይቅር። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው አዲሱ የከተማ ፍሳሽ ሕግ ከትልልቅ ጣቢያዎች 80 በመቶ ማስወገድን ይጠይቃል፣ የሚመዘነውም በተመረጡ ጠቋሚ ንጥረ ነገሮች ነው። ካርባማዜፒን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ሲታሎፕራም፣ ቬንላፋክሲን፣ ሜቶፕሮሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን እንዳለ አትቅዱት። እናንተ ጋ ሐኪሞች የማያዙትን መድኃኒት መፈለግ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። በአካባቢው ምን በብዛት እንደሚሸጥ መጀመሪያ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ናሙና መውሰድ

ከፍሳሽ ቦይ በባልዲ አንድ ጊዜ የተቀዳ ውሃ የሚነግረን ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ጠዋት ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ሲገባ ያለው ፍሳሽና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያለው ለየቅል ነው። አንድ መድኃኒት የወሰዱ ጥቂት ሰዎች ብቻ ካሉ ደግሞ ያ መድኃኒት በቦዩ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የ24 ሰዓት ድምር ናሙና ያስፈልጋል፣ ያውም እንደ ፍሰቱ መጠን የተመጠነ። አውቶማቲክ ናሙና መቅጃ ካለ ከፍሰት መለኪያው ጋር ይያያዝና በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይቅዳ። ማቀዝቀዣ ያለው ይሁን።

መቅጃው ከሌለስ? በእጅም ይሠራል፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። በየሰዓቱ አንድ ጠርሙስ ይቀዳል፣ የዚያ ሰዓት ፍሰትም ይመዘገባል። መጨረሻ ላይ ከየጠርሙሱ በፍሰቱ ልክ ተለክቶ ይቀላቀላል። ፍሰቱ በሰዓት 400 ሜትር ኩብ ከነበረበት ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ከወሰዳችሁ፣ 100 ሜትር ኩብ ከነበረበት 25 ሚሊ ሊትር ነው። ከሁሉም እኩል መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው። የሌሊቱን ቀጭን ፍሳሽ ከጠዋቱ ጎርፍ ጋር እኩል ያደርገዋል።

የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ይለያያሉ። ቢቻል ተከታታይ ሰባት ቀን ይሁን። ዝናብ ከዘነበ መዝግቡ፣ ያቀጥነዋልና። መግቢያና መውጫን የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ውሃው ጣቢያው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁና የመውጫውን ናሙና በዚያ ልክ አዘግዩት። አለበለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ውሃ ነው።

ጠርሙሱ ቡናማ መስታወት ይሁን። አንዳንድ መድኃኒቶች ብርሃን ያፈርሳቸዋል፣ ሆርሞኖችና መሰሎቻቸው ደግሞ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋሉ። በሜታኖል ይታጠብ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። የምትቀዱት ከውሃው መሐል ነው፤ ላዩ ቅባትና አረፋ አለው፣ ታችኛው ዝቃጭ ነው። መውጫው ላይ ክሎሪን የሚጨመር ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ በሊትር 80 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ታዮሰልፌት አስቀድሞ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ክሎሪኑ ላብራቶሪ እስክትደርሱ መድኃኒቱን መብላቱን አያቆምም።

የሚቀዳው ሰው የዳይክሎፌናክ ቅባት የተቀባ፣ ቡና በእጁ የያዘ፣ ወይም በዚያ ሰዓት ፓራሲታሞል ሲነካካ የነበረ እንዳይሆን። ኒትሪል ጓንት ይደረግ፣ በየቦታው ይቀየር። በንጹሕ ውሃ የተሞላ አንድ ጠርሙስ አብሮ ይሂድ። ቦታው ላይ ይከፈት፣ ወደ ሌላ ጠርሙስ ይገልበጥ፣ እንደሌሎቹ ናሙናዎች ተይዞ ይመለስ። የሜዳ ብላንክ የሚባለው ይህ ነው። እሱ ውስጥ ካፌይን ከተገኘ፣ ሌላው ናሙና ውስጥ ያለውን ካፌይን ማመን አይቻልም።

አንድ ነገር አደራ። የጉድጓድ ክዳን ከፍቶ ለብቻ መውረድ ፈጽሞ አይደረግም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ከላይ ሆኖ በረጅም ዘንግ መቅዳት ይበቃል። የዓይን መከላከያና የሄፓታይተስ ኤ ክትባትም የግድ ናቸው።

ናሙናው በበረዶ፣ በጨለማ ይጓጓዝ። ላብራቶሪ ውስጥ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ። ሥራው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። ፍሳሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጠርሙስ ውስጥም መብላታቸውን ይቀጥላሉ፣ ፓራሲታሞልን ቶሎ ይጨርሱታል።

ደረጃ 3፦ ማጣራትና ምልክት ያለው ስታንዳርድ መጨመር

ናሙናው 0.7 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው የግላስ ፋይበር ማጣሪያ ይጣራል። ለመግቢያ ፍሳሽ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለመውጫ 250፣ ለወንዝ 500 ይበቃል። ማጣሪያው ላይ የቀረው ዝቃጭ ዝም ብሎ ቆሻሻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ዝቃጭ ላይ አጥብቆ ይለጠፋል። ውሃው ውስጥ ቀንሶ ስታዩት ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። ዝቃጩ በኋላ ለማዳበሪያ የሚውል ከሆነ እሱም መለካት አለበት።

አሁን ኢንተርናል ስታንዳርድ ይጨመራል። ይህ ራሱ መድኃኒቱ ነው፣ ግን አንዳንድ አተሞቹ በከባድ ሃይድሮጅን ወይም በካርቦን 13 የተተኩ ናቸው። ባሕርዩ አንድ ነው፣ ክብደቱ ብቻ ይለያል። በየደረጃው መድኃኒቱ ሲጎድል እሱም እኩል ይጎድላል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የምናነበው የሁለቱን ጥምርታ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። እባካችሁ የመድኃኒቶቹን ቁጥር ቀንሱና እሱን አስቀሩት።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊኖች ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዘው ስለሚቀሩ ለእነሱ ሲባል እነዚህን ማዕድናት የሚይዝ ኢዲቲኤ የተባለ ውሁድ ይጨመራል። ፒኤች 7 አካባቢ ለብዙዎቹ ይሠራል። ክላሪትሮማይሲንና ዘመዶቹ አሲድ ውስጥ ይፈርሳሉ፣ ስለዚህ ሁሉንም ናሙና በጅምላ አሲድ ማድረግ ጥሩ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ማጠንከር

100 ሚሊ ሊትሩን ወደ 1 ሚሊ ሊትር እናመጣዋለን። የሚያገለግለው ኤችኤልቢ የሚባለው ካርትሪጅ ነው፦ መድኃኒቱን የሚይዝ 200 ሚሊግራም ሙሌት ያለው ትንሽ ቱቦ። አካሄዱ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ 5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ቀጥሎ 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይለፍበታል። ከዚህ በኋላ ናሙናው እስኪገባ ድረስ ካርትሪጁ መድረቅ የለበትም። ናሙናው በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፍጥነት ያልፋል። በዓይን ስታዩት ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይገባል፤ እንደ ክር ከወረደ ፈጥኗል፣ መድኃኒቱም ሳይያዝ አብሮ ያልፋል። ከዚያ በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨውን አጥቡለት። ቀጥሎ ቫክዩሙን ሳታጠፉ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ አድርቁት። ሙሌቱ ቀለሙ ነጣ ብሎ፣ ከግድግዳው ላይ እርጥበቱ ሲለቅ ደርቋል። ይህን ደረጃ የሚያሳጥር ሰው ኋላ ላይ ሜታኖሉ ውሃ ቀላቅሎበት ለማትነን ሲቸገር ይውላል።

በመጨረሻ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ሜታኖል እየጨመራችሁ ተቀበሉ። የተያዘው መድኃኒት የሚለቀው አሁን ነው። ፈሳሹ በ40 ዲግሪ ላይ በቀስታ በሚነፍስ ናይትሮጅን ይተናል። ጭራሽ እስኪደርቅ አትተዉት፤ ኢቡፕሮፌንን የመሰሉ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ከዚያ 10 በመቶ ሜታኖል ባለው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል።

ሜትፎርሚን በዚህ መንገድ አይያዝም። ውሃ በጣም ይወዳል፣ ካርትሪጁን ዝም ብሎ ያልፈዋል። መጠኑ ብዙ ስለሆነ ግን የተጣራውን ናሙና በቀጥታ ሂሊክ በሚባለው፣ ውሃ ወዳድ ነገሮችን በሚይዝ ዓይነት ኮለም (ማሽኑ ላይ ንጥረ ነገሮችን የሚለያይ ቱቦ) ማስገባት ይቻላል።

የናሙና ጠርሙስ ሩቅ ላብራቶሪ መላክ ካስቸገራችሁ ደግሞ መፍትሔ አለ። ኢንተርናል ስታንዳርዱ ተጨምሮ ናሙናው ካለፈበት በኋላ የደረቀውን ካርትሪጅ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አቀዝቅዞ ማቆየት፣ በበረዶ አሽጎም መላክ ይቻላል። ከሊትር ውሃ ይልቅ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነገር መላክ ነው።

ደረጃ 5፦ ማሽኑ

የተለመደው መሣሪያ ኤልሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስ ነው፦ መጀመሪያ ንጥረ ነገሮቹን በኮለም ይለያያል፣ ቀጥሎ ክብደታቸውን ይለካል። ሲ18 ኮለም፣ ውሃና አሴቶናይትራይል ከ0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ጋር፤ ከ95 በመቶ ውሃ ጀምሮ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ወደ 95 በመቶ አሴቶናይትራይል መውጣት። ማሽኑ አንድን መድኃኒት የሚለየው በክብደቱና ሲሰበር በሚሰጠው ስብርባሪ ነው። ካርባማዜፒን 237 ሆኖ ይገባና 194 ይወጣል። ሰልፋሜቶክሳዞል ከ254 ወደ 156 እና 108፣ ትራይሜቶፕሪም ከ291 ወደ 230 እና 261፣ ፓራሲታሞል ከ152 ወደ 110። ለእያንዳንዱ ሁለት ስብርባሪ ምረጡ፣ አንዱ ለመለካት፣ ሌላው ለማረጋገጥ።

ኢቡፕሮፌን ያስቸግራል። በኔጋቲቭ ሞድ (ማሽኑ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸውን በሚያይበት አሠራር) ከ205 ወደ 161 የሚለው አንዱ ብቻ ነው በአግባቡ የሚታየው። ስለዚህ እሱን ለማመን ምልክት ካለው ስታንዳርዱ ጋር እኩል ሰዓት ላይ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። በከባድ ሃይድሮጅን የተሠሩ ስታንዳርዶች ከመድኃኒቱ በመጠኑ ቀድመው እንደሚወጡ አትርሱ፣ ያ ስህተት አይደለም።

«አለ» ለማለት ሦስት ነገር ይሟላ። ፒኩ (መድኃኒቱ ሲወጣ ማሽኑ የሚስለው ጉብታ) የሚወጣበት ሰዓት ከስታንዳርዱ በ0.1 ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት። የሁለቱ ስብርባሪዎች ጥምርታ ከስታንዳርዱ ከ30 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ብላንኩ ውስጥም መኖር የለበትም።

ደረጃ 6፦ ፍሳሹ ማሽኑን ሲያታልለው

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ፍሳሽ ውስጥ ሳሙና፣ ቅባት፣ የሽንት ቀለም፣ ሌላም ሺህ ነገር አለ። እነዚህ ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ሲወጡ ማሽኑ ውስጥ ቻርጅ ይሻሙበታል። መድኃኒቱ እያለ ማሽኑ ትንሽ ብቻ ያያል። ማትሪክስ ኢፌክት ይባላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። በንጹሕ ሶልቬንት ውስጥ የታወቀ መጠን ጨምራችሁ የፒኩ ስፋት 100,000 መጣ እንበል። ያንኑ መጠን በተዘጋጀ የፍሳሽ ናሙና ላይ ጨምራችሁ፣ ናሙናው ራሱ የነበረውን ስትቀንሱ 45,000 ብቻ ከመጣ፣ 55 በመቶው ታፍኗል። ምልክት ያለው ስታንዳርድ ካላችሁ እሱም እኩል ስለሚታፈን ጥምርታው ይድናል። ከሌላችሁ ናሙናውን አምስት እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት። ከተባዛ በኋላ ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ፣ የመጀመሪያው ውሸት ነበር። የመግቢያ ፍሳሽ ከመውጫው ይልቅ አብዝቶ ስለሚያፍን፣ ይህን ያላረመ ሰው «ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት ጨመረ» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በእርግጥ መጨመርም ይኖራል። ሰልፋሜቶክሳዞል ከሰውነት ሲወጣ ከፊሉ አሴቲል የተባለ ነገር ተለጥፎበት ነው። ጣቢያው ውስጥ ባክቴሪያዎች ያንን ሲቆርጡት መድኃኒቱ ይመለሳል። ሁለቱን ለመለየት አሴቲል ያለውንም አብሮ መለካት ነው።

ከዚህ ሌላ፦ ቢያንስ ሰባት ነጥብ ያለው የካሊብሬሽን መስመር (በታወቁ መጠኖች የተሠራ ማነጻጸሪያ)፣ በየ10 ናሙናው አንድ መቆጣጠሪያ፣ አንድ የተደገመ ናሙና፣ አንድ መድኃኒት ሆን ተብሎ የተጨመረበት ናሙና። የተጨመረው ከ70 እስከ 120 በመቶ መመለስ አለበት።

ደረጃ 7፦ ከማሽኑ ቁጥር ወደ ግራም በቀን

ማሽኑ በመጨረሻው 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 45 ናኖግራም ካርባማዜፒን አለ ካለ፣ ያ የመጣው ከ100 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ በሊትር 450 ናኖግራም። ይህን በቀን ፍሰቱ አባዙት። 30,000 ሜትር ኩብ ከሆነ በቀን 13.5 ግራም ይመጣል። መግቢያና መውጫ ሲወዳደር በዚህ ይሁን፣ በሊትር መጠኑ ብቻ አይሁን። ዝናብ ያቀጠነውን የሚያርመው ይህ ስሌት ነው።

ያልተገኘውን ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ። «ከ10 ናኖግራም በታች» ብላችሁ የመለኪያችሁን ወሰን ጻፉ።

ቁጥሩ ጎጂ ነው ወይ ለሚለው፣ ለሲፕሮፍሎክሳሲን የተሰላ አንድ መነሻ አለ፦ በሊትር 64 ናኖግራም። ከዚያ በላይ ሲሆን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እየተመረጡ ሊበዙ ይችላሉ ተብሎ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 አንቲባዮቲክ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የምትለኩ ከሆነ እሱን አንብቡ።

ትልቁ ማሽን ከሌለስ?

ለፋብሪካ ፍሳሽ፣ መጠኑ በማይክሮግራምና በሚሊግራም ለሆነው፣ ተራው ኤችፒኤልሲ (በኮለም የሚለያይ፣ ክብደት ግን የማይለካ መሣሪያ) ይበቃል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ሌላ ብርሃን ስለሚያመነጭ ፍሎረሰንስ ዲቴክተር ያለው ኤችፒኤልሲ ደህና አድርጎ ያየዋል። ኤላይዛ ኪትም (በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ፈጣን መመርመሪያ) አለ፣ ለካርባማዜፒን፣ ለዳይክሎፌናክ፣ ለሰልፋሜቶክሳዞል። ቶሎ ያደርሳል፣ ግን ዘመዶቻቸውንና ሜታቦላይቶቻቸውንም (ሰውነት ውስጥ የተለወጠውን ቅርጻቸውን) አብሮ ይቆጥራል። ስለዚህ ብዙ ናሙና ለማበጠርያ ይሁን፣ ጥርጣሬ ያለባቸውን ለይቶ ወደ ኤምኤስ ለመላክ። ሲኦዲ (COD) የተባለው፣ ብክለትን በሚፈጀው ኦክስጅን የሚለካው የተለመደው የፍሳሽ መለኪያ ግን እዚህ ምንም አይረዳም። በሊትር በሚሊግራም የሚቆጥር መለኪያ ናኖግራምን አያይም።

ከፍ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ ቀጣዩ ሥራ ምንጩን መከታተል ነው። መስመሮች የሚገናኙበትን ጉድጓድ ፈልጉና ከሁለቱም ቅርንጫፍ በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ መንገድ ናሙና ውሰዱ። ግራሙን በቀን አስሉ። ሁለቱ ተደምረው ታች ከለካችሁት ጋር ከተቀራረቡ ከባዱን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥሉ። ካልተቀራረቡ ካርታው ላይ የሌለ ሦስተኛ መስመር እየገባ ነውና መጀመሪያ እሱን አግኙ።